ከአንድ የዓሣ ደረሰኝ የሚነሡ መንገዶች፦ ለአንዲት ወጣት የሂሳብ ባለሙያ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአካውንቲንግና ፋይናንስ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል በገንዘብ ያዥነት ገብቼ አሁን የዕለት ገቢና ወጪ እመዘግባለሁ። አባቴ ‹ባንክ ግቢ› ይለኛል፤ ጓደኞቼ ‹ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ) ጀምሪ› ይሉኛል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ደረሰኝ ስለቅም እንዳልኖር እፈራለሁ። አካውንታንት ከሂሳብ ክፍል ውጪ ምን መሆን ይችላል? ለዚህስ የግድ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ?»

ምላሽ፦

በዕድሜ ልጄ ስለምትሆኚ «አንቺ» ማለቴን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሪብኝ። እኔ በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በሂሳብ ሠራተኛነት ጀምሬ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሂሳብ በመመርመር ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ ዛሬ እዚሁ ባሕር ዳር አነስተኛ የሂሳብና የታክስ አማካሪነት ቢሮ ያለኝ ሰው ነኝ። የምጽፍልሽ ካየሁትና ከሠራሁት ተነሥቼ ስለሆነ፣ በቆየሁባቸው መንገዶች ላይ ረዘም፣ ባላለፍሁባቸው ላይ ደግሞ አጠር እላለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፍርሃትሽ። ዕድሜን ሙሉ ደረሰኝ ሲለቅሙ መኖር ያልሽው እውነት አለው፤ እንደዚያ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰዎች አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ጥፋቱን በደረሰኙ ላይ ባናሳብብ ይሻላል። አንድ ደረሰኝ እጅሽ ሲገባ እስካሁን የተጠየቅሽው «ተመዝግቧል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። ያንኑ ወረቀት የወጪ ተቆጣጣሪ፣ ኦዲተር፣ የገቢዎች መርማሪ፣ የባንክ ብድር ባለሙያ ወይም የእርዳታ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ቢያገኘው እያንዳንዱ ሌላ ነገር ይጠይቀዋል፤ ሙያችን የሚከፋፈለውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሩቅ ከመሄዴ በፊት በሆቴላችሁ ጓሮ በር ከሚገባው ዓሣ ልጀምር።

ሆቴላችሁ ጠዋት ጠዋት ቆሮሶ ይገዛል እንበል። ለስሌት እንዲመቸን ኪሎውን በ200 ብር እንያዘው፤ የገበያው ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ብቻ ውሰጂው። አሥር ኪሎ ገባ፣ 2,000 ብር ተከፈለ፣ አንቺም «የምግብ ጥሬ ዕቃ» ብለሽ መዘገብሽ። ምዝገባው ትክክል ነው፤ ግን ዓሣው ገና ወጥ ቤት አልደረሰም። ቆሮሶ ቆዳው ተገፎ፣ ራሱና አጥንቱ ወጥቶ የሚተርፈው ሥጋ ከሙሉ ክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። እንግዲህ አሥሩ ኪሎ ወደ 3.3 ኪሎ ይወርዳል፤ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋም 600 ብር ደረሰ ማለት ነው። ሩብ ኪሎ ሥጋ የሚቀርብበት አንድ ሰሃን፣ ዘይቱና ሽንኩርቱ፣ ጋዙና የአብሳዩ ደመወዝ ሳይቆጠር፣ 150 ብር ዓሣ ይዟል። የምግብ ዝርዝሩን ዋጋ ያወጣው ሰው የኪሎውን 200 ብር ለአራት አካፍሎ «ዓሣው 50 ብር ነው» ብሎ ከሆነ፣ ያተርፍልኛል ያለው ምግብ ካዝናውን እየበላበት ነው።

አሁን ደግሞ በየቀኑ የገባውን ዓሣና የወጣውን ሥጋ በሚዛን ብትመዘግቢ ምን እንደምታዪ አስቢ። ሲሶ ይሆን የነበረው ሥጋ አንድ ሳምንት 28 ከመቶ ቢሆን፣ ወይ የተገዛው ዓሣ ትንንሽ ነው፣ ወይ ቢላዋው ደንዟል፣ ወይ ሥጋው በጓሮ በር እየወጣ ነው። ይህን የሚከታተለውን ሰው ሆቴሎች ኮስት ኮንትሮለር (የወጪ ተቆጣጣሪ) ይሉታል። ብዙዎቹ የከተማችን ሆቴሎች ሥራውን ለስቶር ሠራተኛው ወይም ለሥራ አስኪያጁ እንደ ተጨማሪ ሸክም ነው የሰጡት፤ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራው ሰው ያላቸው ጥቂት ናቸው። ከሂሳብ ክፍሉ ወንበር ተነሥተሽ ወጥ ቤቱን፣ መጋዘኑንና ግዥውን የምታዪበት፣ ከሼፉም ጋር መከራከር የምትጀምሪበት የመጀመሪያው በር ይህ ነው። ከዚያ በላይ የሆቴል ፋይናንስ ኃላፊነት፣ ቀጥሎም የሆቴል ሥራ አስኪያጅነት አለ፤ የቁጥር ሰው ሆኖ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ መሆን ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን ችሎታ ይዘሽ ከሆቴል ብትወጪ ፋብሪካ ታገኚያለሽ። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመውን የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስቢ፤ ጥጥ ገብቶ ክር፣ ክሩ ጨርቅ እስኪሆን ድረስ በየደረጃው ብናኝና ቁራጭ ይወጣል፣ መብራት ይበላል፣ ማሽን ያረጃል። የአንድ ሜትር ጨርቅ ዋጋ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የወጪ ሂሳብ ባለሙያ ነው፤ እርሱ ከተሳሳተ ፋብሪካው እየከሰረ ይሸጣል። በባሕር ዳር ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎች ደግሞ የራሳቸው ትምህርት አላቸው። በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ መሠረት ለብዙ ዓመት የሚያፈራው የጽጌረዳ ተክል እንደ ማሽን ተቆጥሮ የእርጅና ቅናሽ ሲሠራለት፣ በላዩ ላይ ያለው ያልተቆረጠ አበባ ግን ከገበያ ዋጋው የመሸጫ ወጪ ተቀንሶ ይያዛል። አንድ ቁጥቋጦ፣ ሁለት ሂሳብ። ትምህርት ቤት በአንድ ገጽ የታለፈ ነገር ይሆናል፤ እርሻው ላይ ግን በዓመት መጨረሻ ያንን አበባ የሚቆጥርና ዋጋ የሚያወጣለት ሰው ያስፈልጋል።

ወደ ኦዲት ልለፍ፤ ቤቴ ስለሆነ ትንሽ ብቆይበት አትታዘቢኝ። ኦዲተር ያንን የዓሣ ደረሰኝ ሲያይ «በእርግጥ ሆኗል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ተማሪ ኦዲትን ሰው መያዣ አድርጎ ያስባል፤ እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንደዚያ ነበርሁ። ከዚህ ሐሳብ ያላቀቀኝ አንድ የበቆሎ መጋዘን ነው። ከዓመታት በፊት በግንቦት ወር የአንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበርን ሂሳብ ስንመረምር፣ በመዝገቡ 1,000 ኩንታል በቆሎ ሊኖር ሲገባው በሚዛን 948 ወጣ። ሃምሳ ሁለት ኩንታል ጎደለ። የቦርዱ አባላት ማኅተምና ቃለ ጉባኤ ይዘው መጋዘን ጠባቂውን ሊከሱት ተሰብስበው ነበር፤ እኔም ጉድለቱን በስሙ ልጽፍ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር።

አብሮኝ የነበረው ነባር ኦዲተር ግን የመግቢያ ደረሰኞቹን ቀን እንድመለከት ነገረኝ። እህሉ የገባው በታኅሣሥና በጥር፣ ገና እንደታጨደ ነው፤ በመቀበያ መዝገቡ ላይ እርጥበቱ 16 ከመቶ ተብሎ ተመዝግቧል። በዚያን ቀን ስንለካው 12 ከመቶ ሆነ። አንድ ኩንታል በቆሎ 16 ከመቶ ውኃ ከያዘ ደረቁ እህል 84 ኪሎ ነው። ውኃው 12 ከመቶ ሲደርስ ያው 84 ኪሎ ከጠቅላላው 88 ከመቶ ይሆናል፤ 84ን ለ0.88 ስታካፍዪው 95.45 ኪሎ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ሺው ኩንታል ማንም ሳይነካው ወደ 954 ኩንታል ተኩል ወርዷል፤ አርባ አምስት ኩንታል ተኩሉን የበላው የበጋው ፀሐይ ነው። የቀረው ስድስት ኩንታል ተኩል ላይ የተቀደዱ ጆንያዎችና የአይጥ ጉድጓድ አገኘን፤ መጋዘን ጠባቂው ስለ ጆንያዎቹ ተጠይቆ፣ ቦርዱም መጋዘኑን እንዲያድስ በሪፖርታችን ተጽፎ ጉዳዩ አለቀ። ያ ሰው እስር ቤት ሊገባ ይችል ነበር። ኦዲት ውስጥ ሃያ ዓመት ያቆየኝ ያ ቀን ነው።

ኦዲት ራሱ ብዙ ቤት አለው። በግል ኦዲት ድርጅት ጀማሪ ሆነሽ ብትገቢ ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ያንስሻል፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራ ተቋራጭና ነዳጅ ማደያ ታያለሽ፤ በሌላ ቦታ አምስት ዓመት የሚፈጀውን ነው የምታዪው። የራስሽን ፊርማ በኦዲት ሪፖርት ላይ ለማኖር ግን በፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት በኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ መመዝገብ ግድ ነው። በመንግሥት በኩል የፌዴራል ዋና ኦዲተርና የክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት አሉ፤ እዚያ ከፋይናንስና ሕጋዊነት ኦዲት ሌላ የክዋኔ ኦዲት የሚባል ሥራ አለ። የክዋኔ ኦዲተር «ብሩ በደንቡ ወጥቷል ወይ?» ብሎ አያበቃም፤ «በወጣው ብር የታሰበው ውኃ ለሕዝቡ ደርሷል ወይ?» ይላል። ለእኔ ከመንግሥት የሂሳብ ሥራዎች ሁሉ አእምሮ የሚያሠራው ይህ ነው። የኅብረት ሥራ ኦዲት ደግሞ የተረሳ መንገድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ማኅበራት ሂሳባቸው በየዓመቱ መመርመር አለበት፤ ከባሕር ዳሩ መርከብ ዩኒየን ጀምሮ በየቀበሌው እስካሉት መሠረታዊ ማኅበራት ድረስ ተቋማቱ ብዙ፣ መርማሪው ግን ጥቂት ነው። እግርሽ በጭቃ፣ ደረሰኝሽ በፌስታል ይሆናል፤ ቢሆንም ሂሳብ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የምታዪበት ቦታ ሌላ የለም።

የውስጥ ኦዲትን ከዚህ ለይተሽ እዪው። የውስጥ ኦዲተር ደመወዝ የሚከፈለው ከሚመረምረው ድርጅት ነው፤ ሪፖርቱን ለቦርድ ካላቀረበና ሥራ አስኪያጁ ሊያነሣው ከቻለ ስሙ እንጂ ሥራው የለም። ቅጥር ከመቀበልሽ በፊት «ሪፖርቴን የማቀርበው ለማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «ለፋይናንስ ኃላፊው» ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ግብር ሦስተኛው ሰፊ በር ነው። የገቢዎች መርማሪ ያንን የዓሣ ደረሰኝ ሲያነሣ «ይህ ወጪ ለግብር ይያዛል ወይ?» ይላል። ሆቴሉ ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ከገዛ ደረሰኝ አለው፤ በታንኳ መጥቶ በር ላይ ከሸጠለት ሰው ከገዛ ግን የለውም፤ በሰነድ ያልተደገፈ ወጪ ደግሞ እንዳልወጣ ተቆጥሮ ግብር ይሠራበታል። ደረሰኝ መስጠት ከማይችል ሻጭ ሲገዛ በምን ሰነድ እንደሚያዝ ዓመቱ ሲጀምር ለነጋዴው የሚነግር ባለሙያ፣ በጥቅምት መጨረሻ ከሚሮጥለት ባለሙያ በብዙ ይሻላል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ሂሳባቸውን ስለሚያሳውቁ በእነዚያ አራት ወራት የከተማችን የሂሳብ ሰው እንቅልፍ የለውም። በዚህ ሥራ በሕግ ፊት ሌላውን ወክለሽ ለመቅረብ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የታክስ ወኪልነት ፈቃድ ያስፈልግሻል። ፈቃዱ ሲገኝ በቅዳሜ ገበያ አካባቢ ብቻ፣ ቋሚ አካውንታንት መቅጠር የማይችሉ ግን ወርሃዊ የቫትና የደመወዝ ግብር ማሳወቅ ያለባቸው ነጋዴዎች ሥራ እንደማያሳጡሽ አልጠራጠርም።

እዚህ ላይ ሳላነሣው የማላልፈው ነገር አለ። አንዳንዱ ደንበኛ «ሁለት መዝገብ ሥሪልኝ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለገቢዎች» ይልሻል፤ እኔም ቢሮ በከፈትሁ በሁለተኛው ወር፣ የቤት ኪራዩ ባልተከፈለበት ሰዓት፣ ከዓመቱ ኪራይ የሚበልጥ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው መልሻለሁ። ይህን የምነግርሽ ለመመጻደቅ ብዬ አይደለም፤ ጥያቄው እንደሚመጣ አውቀሽ መልሱን አስቀድመሽ እንድታዘጋጂ ነው፤ ሲመጣ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥምና።

አባትሽ ባንክ ማለታቸው ከቸልታ አይደለም፤ በእርሳቸው ዘመን ባንክ የገባ ልጅ ከችግር የወጣ ልጅ ነበር። ዛሬም ከተማችን ውስጥ ተመራቂን በብዛት የሚቀጥረው ባንክ ነው፤ ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የተነሣውን ጸደይ ባንክን ጨምሮ። ችግሩ አብዛኛው ሰው በደንበኞች አገልግሎት መስኮት ገብቶ እዚያው መቅረቱ ነው፤ መስኮቱ ላይ የምትሠሪው ደግሞ ዛሬ ሆቴል ውስጥ ከምትሠሪው ብዙም አይለይም። የአካውንታንት እውነተኛ ቦታ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው የብድር ትንተና ነው። የብድር ባለሙያ የሆቴላችሁን ሂሳብ ሲያገላብጥ «ብድሩን ከምን ይከፍላል?» ይላል። የሐይቅ ዳር ሆቴል ገቢ በጥምቀት ሰሞን ከፍ፣ በክረምት ዝቅ እንደሚል፣ በጾም ወራት የሥጋው ሽያጭ ሲወድቅ የዓሣው እንደሚነሣ፣ ጎብኚ በቀነሰባቸው ያለፉት ዓመታትም መኝታ ክፍሎቹ ባዶ ሆነው ሆቴሉን ያቆየው ሠርግና ስብሰባ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ የብድር መክፈያውን በእኩል ወር ከሚከፋፍለው ሰው የተሻለ ብድር ይሰጣል። ይህን እውቀት አንቺ አሁን በየቀኑ በእጅሽ እየመዘገብሽው ነው። በዚያ ላይ ባንኮች ከ2010 የበጀት ዓመት ጀምሮ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ሂሳባቸውን ስለሚያዘጋጁ፣ ተበዳሪው መክፈል ከማቆሙ በፊት ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ ገምተው መጠባበቂያ መያዝ አለባቸው፤ ለዚህ ግምት ስታቲስቲክስና ሂሳብ አጣምሮ የሚያውቅ ሰው በጣም ይፈለጋል። ስለዚህ ለአባትሽ «እገባለሁ፤ ግን በየት በር እንደምገባ ልምረጥ» በያቸው።

የእርዳታ ድርጅቶችን በአጭሩ ልንካ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር የሆነው ኦርዳ ኢትዮጵያና የውጭ ድርጅቶች ቅርንጫፎች የግራንት አካውንታንት፣ ማለትም ለጋሽ የሰጠውን ገንዘብ ሂሳብ የሚይዝ ሰው፣ ይቀጥራሉ። የእነርሱ ጥያቄ «ይህ ዓሣ የተበላው በማን ገንዘብ ነው?» የሚል ነው፤ የሠልጣኞች ምሳ ከሆነ በአንዱ የበጀት መስመር፣ የሠራተኞች ከሆነ በሌላ ይያዛል፣ ለጋሹ ያልፈቀደው ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ ከራሱ ይከፍላል። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 ከመቶ እንዳይበልጥ ስለተደነገገ፣ የትኛው ወጪ የፕሮግራም፣ የትኛው የአስተዳደር እንደሆነ መለየት የሕግ ጉዳይም ነው። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ውሉ ግን ከፕሮጀክቱ ጋር ያልቃል። ቤተሰብ የምታስተዳድሪ ከሆነ ይህን አስቢበት።

ስለ መንግሥት ሂሳብ ብዙ አልልም። የብዙ ጽሕፈት ቤቶች ሂሳብ በአንድነት በሚያዝበት የወረዳ ፑል ውስጥ ሞዴል 19ና ሞዴል 22 የሚባሉ ቅጾችን ሲያገላብጡ መዋል፣ አይቤክስ በሚባለው የመንግሥት የበጀትና የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ በጀት ማስገባት፣ ሰኔ 30 ሲደርስ ሌሊት ማደር፤ እኔን ሥነ ሥርዓት አስተምሮኛል፣ ክፍያው ግን አላኖረኝም። የግዥና ንብረት አስተዳደር ክፍል ከሂሳቡ ክፍል ይልቅ ወደ ሌላ ሥራ መሻገሪያ ይሆናል፤ የጨረታ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሥራ ተቋራጮችም ይፈልጉታልና።

ስለ ኤሲሲኤ ጓደኞችሽ የነገሩሽ ትክክል ነው፤ እኔ የምቃወመው ጊዜውን ነው። ፈተናው 13 ነው፣ ዲግሪ ያለው ሰው ከመጀመሪያዎቹ በከፊል ነፃ ሊደረግ ይችላል፣ ሦስት ዓመት የሥራ ልምድም ይጠየቃል። ክፍያው በፓውንድ ነው፤ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ፓውንድ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደሆነ ታውቂዋለሽ። አንድ ዓመት ሙሉ ሂሳብ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ፣ ከባንክ ማስታረቅ እስከ ግብር ማሳወቂያ በእጅሽ ዘግተሽ ሳታዪ ብትጀምሪው ፈተናው ውስጥ ያለው ድርጅት ተረት ይሆንብሻል፤ ገንዘብሽም በድጋሚ ፈተና ያልቃል። ከዚያም ደግሞ ወደ ውስጥ ኦዲት የምታዘነብዪ ከሆነ ሲአይኤ የሚባለው የሙያ ማረጋገጫ ሦስት ፈተና፣ ወደ ወጪ ሂሳብና እቅድ ከሆነ ሲኤምኤ የሚባለው ሁለት ፈተና ብቻ ነው። ሁሉም ኤሲሲኤ ስለሚል ብቻ መንገድሽን አትምረጪ።

የኮምፒውተሩ ጉዳይ የሚያስፈራሽ ከሆነ፣ ከሚያስፈራው ይልቅ የሚከፍተው ይበልጣል። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ መመዝገብ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሥራው እያነሰ ነው፤ ሆኖም ሶፍትዌር የሚያለሙት ልጆች ዴቢትና ክሬዲትን፣ የእርጅና ቅናሽንና ቫትን የሚያስረዳቸው፣ ሲስተሙንም ለደንበኛው የሚተክልላቸው አካውንታንት አጥተው ሲቸገሩ አያለሁ። ኤክሴልን ግን በደንብ እወቂ፤ እስከ ፒቮት ቴብል ድረስ።

አዲስ አበባስ? ለአንዳንዱ አዎ። ጥር 2017 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ (የአክሲዮንና የመሰል ሰነዶች) ገበያና በዙሪያው የሚፈጠሩት የኢንቨስትመንት አማካሪዎችና ደላሎች፣ የትልልቆቹ ባንኮች የስጋት አመራር ክፍሎች፣ የዓለም አቀፎቹ ኦዲት ድርጅቶች ወኪሎች እዚያ ናቸው፤ እነርሱን ከፈለግሽ መሄድሽ አይቀርም። ነገር ግን የወጪ ተቆጣጣሪነት፣ የኅብረት ሥራ ኦዲት፣ የታክስ ወኪልነት፣ የግራንት ሂሳብና የብድር ትንተና እዚሁ አሉ። በምታውቂው ከተማ አንድ ዓመት ሠርተሽ፣ የሠራሽውን በቁጥር ማሳየት ስትችዪ ብትሄጂ፣ ዲግሪ ብቻ ይዘው መርካቶ አካባቢ ቤት ተጋርተው ከሚጠብቁት ብዙዎች ትለዪያለሽ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ዘንድሮ አልሄድም።

ለጊዜው ላድርግልሽ የምችለው ሥራ መስጠት ነው። ነገ ሼፉን በትሕትና ጠይቂና የወጥ ቤቱን ሚዛን አስፈትሺ፤ ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ራሱ ይዋሻል። ከዚያ አንድ ደብተር ክፈቺና ለሠላሳ ቀን አምስት ነገር ብቻ ጻፊ፦ ቀኑን፣ የገባውን ዓሣ በኪሎ፣ ዓሣው ትልልቅ ወይም ትንንሽ መሆኑን፣ ማን እንደበለተው፣ የወጣውን ሥጋ በኪሎ። በወሩ መጨረሻ ሥጋውን ለዓሣው አካፍለሽ በመቶኛ አስቀምጪው፤ ከምግብ ዝርዝሩ ዋጋ ጋር አስተያይተሽ በአንድ ገጽ ለሥራ አስኪያጁ አቅርቢለት፤ ለእኔም ላኪልኝ። ውጤቱ ከሠላሳ ከመቶ በታች ሆኖ ካገኘሽው፣ ሰውን ከመጠርጠርሽ በፊት ቢላዋውን እዪው።